ከድሬ ወደ ፓሪስ፦ የመጀመሪያዋን ቅዳሜና እሁድ ያለ ወጪ የማሳለፊያ ዝርዝር መመሪያ

ለትምህርት ወደ ፓሪስ የምትሄዱ የድሬ ልጆች ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝ ስለ ቪዛ፣ ስለ ዶርምና ስለ ባንክ ሒሳብ ነው። ስለ መጀመሪያዋ ቅዳሜና እሁድ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም ማለት ይቻላል። እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የእነዚያ ሁለት ቀናት ነገር ነው። ቢሮዎች ዝግ ናቸው። ትምህርት አልተጀመረም። የምታውቁት ሰው የለም። ዩሮውን ገና በብር ነው የምታስቡት፤ አንድ ቡና ለመግዛት እንኳ በልባችሁ ታባዛላችሁ። ስለዚህ ብዙው ልጅ ክፍሉን ቆልፎ፣ ከቤተሰብ ጋር በቪዲዮ እያወራ ቀኑን ይገፋል። ሰኞ ሲመጣ ከተማዋ እንደ ዓርቡ ታስፈራዋለች።

እናንተ እንዲህ አትሁኑ፣ አቦ። ፓሪስ ውድ ከተማ መሆኗ እውነት ነው። ግን መንገዷ፣ ወንዟ፣ የአትክልት ቦታዎቿ፣ አብያተ ክርስቲያናቷ፣ እንዲሁም ብዙ ሙዚየሞቿ ሳንቲም አይጠይቁም። ሁለቱን ቀን በእግሩ የዞራት ተማሪ ሰኞ ጠዋት ወደ ዩኒቨርሲቲው ሲሄድ አቅጣጫ ያውቃል፣ ሜትሮ ያውቃል፣ የሚያርፍበት ወንበር ያውቃል። ለዚህ ብዬ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

ከመጀመራችን በፊት፦ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱን ግን በእኛ ነው የምጽፈው። ትኬትና ማስታወቂያ ላይ 10:00 የሚለውን ስታዩ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ 18:00 ሲል ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት በሉት። መጀመሪያ ሰሞን ይህን የሚያምታታ ብዙ ነው፤ በር ተዘግቶ መድረስ ያናድዳል።

ደረጃ 1፦ ገና ድሬ ሳላችሁ

መጀመሪያ ዕድሜያችሁን አስቡ። ፈረንሳይ ውስጥ ከ18 እስከ 25 ዓመት የሆነ፣ በአውሮፓ ኅብረት አገር በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ሰው የመንግሥት ሙዚየሞችን ቋሚ ስብስብ በነፃ ያያል። ዜግነት አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ነዋሪነት ነው። ፓስፖርታችሁ ላይ የተለጠፈው የረጅም ጊዜ የተማሪ ቪዛ ነዋሪነታችሁን ያሳያል። ይህን ሳያውቁ ሙሉ ዋጋ የሚከፍሉ ልጆች ስላሉ ያሳዝነኛል። ሉቭር፣ ኦርሴ፣ ኬ ብራንሊ፣ ፓንቴዮን፣ ሳንት ሻፔል፣ አርክ ደ ትሪዮንፍ፣ ሁሉም በዚህ ደንብ ውስጥ ናቸው።

26 የሞላችሁስ? ለማስተርስ የሚሄድ ብዙ ሰው እዚህ ውስጥ ነው። ለእናንተ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የከተማው አስተዳደር ሙዚየሞች ናቸው። ፔቲ ፓሌ፣ ካርናቫሌ፣ የፓሪስ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የመሳሰሉት ቋሚ ስብስባቸው ለማንም፣ በማንኛውም ዕድሜ ነፃ ነው። ሁለተኛው የወሩ የመጀመሪያ እሁድ ነው። በዚያን ቀን ኦርሴና ኬ ብራንሊን ጨምሮ በርካታ የመንግሥት ሙዚየሞች ለሁሉም ይከፈታሉ። የበረራ ቀናችሁን የመምረጥ ዕድል ካላችሁ ካላንደሩን እዩት።

ሌላም የካላንደር ነገር አለ። በመስከረም ወር ሦስተኛው ቅዳሜና እሁድ ላይ ፈረንሳይ የቅርስ ቀናትን ታከብራለች። ልማዱ በ1984 የተጀመረ ነው። የፕሬዚዳንቱን ቤተ መንግሥትና የሴኔቱን ሕንፃ የመሰሉ፣ በሌላ ጊዜ የማይገቡባቸው ቦታዎች በነፃ ይከፈታሉ። ትምህርት የሚጀመረው በዚያ ሰሞን ስለሆነ ብዙ አዲስ ተማሪ ያገኘዋል። ካገኛችሁት እዚህ የጻፍኩትን የቅዳሜ ዕቅድ ተዉትና ወደዚያ ሂዱ። አንዳንዶቹ ቦታዎች ቀድሞ መመዝገብ ይፈልጋሉ።

ቀጥሎ ስልካችሁ። የፓሪስን ካርታ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርጋችሁ ድሬ ላይ አውርዱት። የዶርማችሁን አድራሻ በወረቀትም ጻፉት፤ ባትሪ የሚያልቀው ሁልጊዜ በማይሆን ሰዓት ነው።

ከዚያ ሻንጣ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር በጥብቅ እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያው ጫት ነው። ድሬና ሐረር ላይ ጫት የዕለት ኑሮ ነው፤ ማንም ዘወር ብሎ አያይህም። ፈረንሳይ ውስጥ ግን በሕግ የተከለከለ አደንዛዥ ዕፅ ነው። «ለመንገድ ትንሽ ነው»፣ «የደረቀ ነው»፣ «ለሰው አድርስልኝ ተብዬ ነው» የሚል ምክንያት አይሠራም። ማንም ይስጣችሁ፣ የቅርብ ዘመድም ቢሆን፣ አትቀበሉ። የሌላ ሰው ፌስታል ሳትከፍቱ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ።

ሁለተኛው ሥጋና የወተት ውጤት ነው። ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር ቋንጣ፣ ቅቤና አይብ ማስገባት አይፈቀድም። እናት ስታዝን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ንገሯት። በምትኩ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና የተቆላ የሐረር ቡና ይዛችሁ ሂዱ። ዳቦ ቆሎው በተለይ ለዚህ ቅዳሜና እሁድ ስንቅ ይሆናችኋል። ቅቤ ሳይገባበት ይሠራላችሁ።

ጫማም አለ። አዲስ ጫማ ገዝታችሁ በዚያው ፓሪስ አትግቡ። እዚሁ ከዚራ ላይ ሁለትና ሦስት ሳምንት ተራመዱበት። በሁለቱ ቀናት በየቀኑ ብዙ ኪሎ ሜትር ስለምትሄዱ እግራችሁ ከቆሰለ ዕቅዱ ሁሉ ይበላሻል። ከድሬ ሙቀት ለሚነሳ ሰው የመስከረም ማታ እንኳ ብርድ ነው። ዝናብ የማያስገባ ቀለል ያለ ጃኬት በእጅ ሻንጣችሁ ውስጥ ይሁን።

ደረጃ 2፦ ዓርብ፣ ከአውሮፕላን እስከ ክፍል

የአዲስ አበባው በረራ ሻርል ደጎል አውሮፕላን ማረፊያ ያሳርፋችኋል። ይህ ጉዞ ብቻ በነፃ አይሆንም። በርካሽ ከሚያደርሷችሁ አንዱ ኤርኤር ቤ የሚባለው ባቡር ነው። የአውሮፕላን ማረፊያው ትኬት በ2025 ታሪፍ 13 ዩሮ ነበር፤ ታሪፉ ጥር ሲገባ ስለሚከለስ ትንሽ ጨምራችሁ ያዙ። መውጫ ላይ «ታክሲ? ታክሲ?» እያሉ የሚጠጉ ሰዎችን አልፋችሁ ሂዱ። ሕጋዊ ታክሲ የራሱ ተራ ያለው ምልክት የተደረገበት ቦታ አለው።

ትኬታችሁን እስክትወጡ ድረስ አትጣሉት። መውጫው በር ላይም ያስፈልጋል፤ ተቆጣጣሪም ይመጣል። ሁለት ሰው በአንድ ትኬት ተጠጋግቶ መግባት ቅጣት ያመጣል፤ ቅጣቱ ደግሞ የሳምንት ምግብ ነው።

ዓርብ ማታ ሌላ ዕቅድ አታውጡ። ሻንጣችሁን አስቀምጡ፣ ቤት ደውሉ፣ ከዚያ በዶርማችሁ ዙሪያ ብቻ ግማሽ ሰዓት ዙሩ። የቅርቡ ሜትሮ፣ የቅርቡ ዳቦ ቤት፣ የቅርቡ ሱፐር ማርኬት የት እንደሆኑ እዩ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ብዙ ሱቅ ስለሚዘጋ የሁለት ቀን ዳቦ፣ ፍራፍሬና እንቁላል ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ጠዋት ግዙ። የተማሪ ምግብ ቤቶች ዋጋቸው ጥሩ ነው፤ ግን አብዛኞቹ ቅዳሜና እሁድ አይሠሩም።

ስለ ምግብ ከተነሳ፣ ፈረንሳዮች «የባህል ባጌት» የሚሉት ረጅሙ ዳቦ በሕጋቸው መሠረት ከዱቄት፣ ከውኃ፣ ከእርሾና ከጨው ነው የሚሠራው። ለጿሚ ይሆናል። ክሩዋሳን ግን ቅቤ አለበት። ሳንድዊች ላይ «ዣምቦን» የሚል ቃል ካያችሁ የአሳማ ሥጋ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይህችን ቃል በቃሉ ይያዝ።

ዓርብ በጊዜ ለሚገባ ሙስሊም ተማሪ የፓሪሱ ታላቁ መስጊድ ጥሩ መነሻ ነው። በ1926 የተመረቀ ነው። ለጎብኚ ትንሽ ያስከፍላል፤ ለሰላት የሚገባ ሰው ግን አይከፍልም። ከመንገዱ ማዶ ሰፊ የዕፅዋት አትክልት ቦታ አለ፤ እሱም ነፃ ነው።

አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። ዓርብ ላይ የሳምንት የትራንስፖርት ካርድ አትግዙ። የፓሪስ የሳምንት ካርድ የሚቆጠረው ከሰኞ እስከ እሁድ ነው፤ ከገዛችሁበት ቀን ጀምሮ አይደለም። ለእነዚህ ሁለት ቀናት ናቪጎ ኢዚ የሚባለውን ባለ 2 ዩሮ ካርድ አውጥታችሁ ጥቂት ነጠላ ጉዞ ሙሉበት። ነጠላ የሜትሮ ጉዞ በ2025 ታሪፍ 2.50 ዩሮ ነበር። በቀን ሁለት ጉዞ፣ መውጫና መመለሻ፣ ይበቃችኋል። ሌላው በእግር ነው። ከተማዋ ስሟ እንጂ ስፋቷ አያስፈራም፤ ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ነው።

ደረጃ 3፦ ቅዳሜ፣ ከኖትር ዳም እስከ ፔቲ ፓሌ

ለሁለት ወይም ለሦስት ሆናችሁ ውጡ። ዶርም ውስጥ ከሌላ አገር የመጣ ብቸኛ ተማሪ ካያችሁ ጥሩት። እኛ ድሬዎች በዚህ አንታማም፤ ጎረቤት ሳይጠራ የሚበላ ቤት ስናይ ይከፋናል። ያን ልማድ ይዛችሁ ሂዱ።

በየሰው ቦርሳ ውስጥ የውኃ ኮዳ፣ ዳቦ፣ ዳቦ ቆሎና ጃኬት ይኑር። ፓስፖርታችሁ ሙዚየም በር ላይ ስለሚጠየቅ ያስፈልጋል፤ ፎቶ ኮፒ ብቻ አንቀበልም ሊሏችሁ ይችላሉ። በውስጥ ኪስ፣ ዚፕ ተዘግቶ ይቀመጥ። ኋላ ኪስና የቦርሳ የፊት ኪስ ውስጥ ምንም አታስቀምጡ። ሜትሮ ውስጥ በር አጠገብ ቆማችሁ ስልክ አትነካኩ፤ በሩ ሊዘጋ ሲል ነጥቀው ይወርዳሉ።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ኖትር ዳም ድረሱ። ቤተ ክርስቲያኑ ሥራው የተጀመረው በ1163 ነው። ሚያዝያ 2019 ላይ በእሳት ተቃጥሎ ጣሪያው ወደቀ፤ ታኅሣሥ 2024 ላይ እንደገና ተከፈተ። መግቢያው ነፃ ነው። በኢንተርኔት ቀጠሮ መያዝ ይቻላል፤ እሱም በነፃ ነው። ቀጠሮ ካልያዛችሁም ተሰልፋችሁ ትገባላችሁ፤ በጠዋት ሰልፉ ይሻላል። «ትኬት ልሽጥላችሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሌባ ነው።

ውስጥ አትቸኩሉ። ቁጭ በሉ። ድንጋዩ ታጥቦ ነጭ ሆኗል፤ የመስኮቱ ቀለም ወለሉ ላይ ይወርዳል። ሰው የሠራው ነገር ተቃጥሎ በሰው እጅ እንደገና ሲቆም ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ጸሎት ላይ ያሉ ሰዎች ስላሉ ድምፃችሁን ዝቅ፣ ኮፍያችሁን አውልቁ።

ከዚያ ወንዙን ወደ ደቡብ ተሻገሩና የተማሪዎች ሰፈር ወደሚባለው ግቡ። ሶርቦን እዚያ ነው። የሽቅቡን መንገድ ይዛችሁ ፓንቴዮን ጋ ስትደርሱ ከ26 ዓመት በታች የሆናችሁ ፓስፖርታችሁን አሳይታችሁ መግባት ትችላላችሁ። የደከመው ከውጭ አይቶ ይለፍ፤ እኔ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ባታጠፉ እመርጣለሁ። ከፊት ለፊቱ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ በደቂቃዎች ውስጥ ሉክሰምቡርግ የአትክልት ቦታ ያደርሳችኋል።

ምሳችሁን እዚህ ብሉ። አረንጓዴ የብረት ወንበሮች በየቦታው አሉ፤ ነፃ ናቸው፣ ወደ ፈለጋችሁበት ጥላ ጎትታችሁ መቀመጥ ትችላላችሁ። ከውኃው ገንዳ ዳር ልጆች የእንጨት ጀልባ ይገፋሉ፣ ሽማግሌዎች ቼዝ ይጫወታሉ። የድሬን የቀትር ዕረፍት የለመደ ሰው እዚህ ግማሽ ሰዓት ዓይኑን ቢከድን ማንም ምንም አይለውም። ቦርሳችሁን ግን እግራችሁ ላይ ጠምጥሙት።

ውኃችሁን ሙሉ። የፓሪስ የቧንቧ ውኃ ይጠጣል። በመንገድ ላይ ጥቁር አረንጓዴ፣ አራት የሴት ምስሎች ጉልላት የተሸከሙበት የብረት ቧንቧ ታያላችሁ። ከ1872 ጀምሮ ድሃ ሁሉ ንጹሕ ውኃ እንዲጠጣ ተብሎ የተተከለ ነው፤ ዛሬም ይፈሳል። የታሸገ ውኃ መግዛት እዚያ ከተማ ውስጥ ገንዘብ መጣል ነው። ሽንት ቤትም እንደዚሁ፤ በየመንገዱ ያሉት ግራጫ ሽንት ቤቶች ነፃ ናቸው። አንዱ ወጥቶ በሩ ሲዘጋ ውስጡ ራሱን ስለሚያጥብ እስኪጨርስ ጠብቁ።

አሁን ለእኛ አካባቢ ልጅ ቁም ነገር ያለው ቦታ መጣ። ከሉክሰምቡርግ በሰሜን በኩል ስትወጡ ወደ ሳን ሱልፒስ አደባባይ የምታደርስ ሩ ፌሩ የምትባል ጠባብ መንገድ አለች። በግድግዳዋ ላይ 100 ስንኝ ያለው ግጥም ከዳር እስከ ዳር ተጽፏል። የጻፈው አርተር ራምቦ ነው፤ ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለ። በ2012 ግድግዳው ላይ የተሣለው በዚያው አካባቢ ግጥሙን መጀመሪያ ስላነበበ ነው። ይህ ሰው ግጥሙን ጥሎ ከ1880 ጀምሮ እስከ 1891 ድረስ እየተመላለሰ ሐረር የኖረው፣ ቡናና ቆዳ ሲነግድ የነበረው ራምቦ ነው። ጀጎል ውስጥ በስሙ የተሰየመውን ሙዚየም ሳያዩ ፓሪስ የሚገቡ የድሬ ልጆች አሉ። አንድ ሰዓት ቢበዛ ሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ እሁድ በደንገጎ ሽቅብ ውጡና እዩት። ያን ጊዜ ግድግዳው ፊት ስትቆሙ ፈረንሳዊ ጓደኛችሁ የማያውቀውን ግማሽ ታሪክ የምትነግሩት እናንተ ትሆናላችሁ።

ከሳን ሱልፒስ ወደ ሰሜን ቀጥ ብላችሁ ወደ ሴን ወንዝ ውረዱ። በእግረኛው ድልድይ፣ ፖን ዴዛር፣ ተሻገሩና የሉቭር ግቢ ውስጥ ግቡ። ግቢው ክፍት ነው፤ የመስታወቱ ፒራሚድ ፊት ለፊት መቆም አይከፈልበትም። ወደ ሙዚየሙ ግን በመጀመሪያው ሳምንት አትግቡ። ቀጠሮ ይፈልጋል፣ ሰው ይበዛዋል፣ ግማሽ ቀን ይበላል። ከ26 ዓመት በታች ከሆናችሁ ዓመቱን ሙሉ ነፃ ስለሆነላችሁ ሐሙስ ከሰዓት ክፍል በሌለበት ቀን ሄዳችሁ አንድ ክንፍ ብቻ እያያችሁ ትመለሳላችሁ። በአንድ ቀን ልጨርሰው ያለ ሰው የሚያስታውሰው የእግር ሕመሙን ነው።

ከሉቭር በቱይለሪ የአትክልት ቦታ ቀጥ ስትሉ ኮንኮርድ አደባባይ ላይ ከግብፅ ሉክሶር የመጣ ሐውልት ቆሟል። እሱን አልፋችሁ ጥቂት እንደሄዳችሁ በግራ በኩል ፔቲ ፓሌ አለ። ለ1900ው የዓለም ኤግዚቢሽን የተሠራ ሕንፃ ነው። ቋሚ ስብስቡ ለሁሉም ነፃ፣ ዕድሜም ፓስፖርትም አይጠየቅም፤ የቦርሳ ፍተሻ ብቻ ነው። እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይሠራል። ሥዕል የማይገባው ሰውም ይግባ፤ መሀል ላይ ያለው ግማሽ ክብ ግቢ ብቻውን እንኳ መግባታችሁን አያስቆጭም። በዝናብ ቀንም ማምለጫ ነው።

ጉልበት የተረፈው ሰው በሻንዜሊዜ ቀጥ ብሎ አርክ ደ ትሪዮንፍ ይሂድ። 284 ደረጃ ወጥቶ ከላይ ከተማዋን ያያል፤ ከ26 በታች ለሆነ ነዋሪ ነፃ ነው። መሬት ላይ ባለው አደባባይ ግን መኪና መሀል ገብታችሁ እንዳትሻገሩ። የውስጥ ለውስጥ መተላለፊያ አለው።

ደረጃ 4፦ ማታ ላይ ከአጭበርባሪ መጠንቀቅ

ይህን ለብቻው የማነሳው በምክንያት ነው። ድሬ ላይ የጠራህን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ሰላም ይባላል፣ ይቆማል፣ ይሳቃል። ያ ደግነታችን ፓሪስ የቱሪስት ቦታዎች ላይ ያስበላናል።

ቅዳሜ ማታ ብዙ ሰው ሞንማርት ኮረብታ ላይ ወጥቶ ከሳክሬ ከር ቤተ ክርስቲያን ደጅ ከተማዋ መብራት ስታበራ ያያል። እናንተም ሂዱ፤ ቤተ ክርስቲያኑም እይታውም ነፃ ነው። ጉልላቱ ላይ መውጣት ብቻ ያስከፍላል። ከታች ባለው ደረጃ ላይ ግን ክር ይዘው የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። «ከየት ነህ ወንድሜ?» ብለው እጅህን ይይዙና ክሩን ጣትህ ላይ ይሸርቡታል። ከዚያ ክፈል ነው። እጃችሁን ኪስ ውስጥ ከታችሁ ሳትቆሙ እለፉ። አፍሪካዊ ፊት አይታችሁ አትዘናጉ።

ወረቀት ይዘው «ፈርሙልኝ» የሚሉ ልጃገረዶችም አሉ። እናንተ ስትፈርሙ ሌላዋ ቦርሳ ትከፍታለች። ወንዝ ዳር «ይህ የወርቅ ቀለበት ያንተ ነው?» ብሎ ከመሬት የሚያነሳም አለ። ሦስት ኩባያ እያገላበጠ ቁማር የሚያጫውተውን ከብበው የሚያሸንፉት ሰዎች ደግሞ የራሱ ጓደኞች ናቸው። ለሁሉም መልሱ አንድ ነው፤ «ኖን፣ መርሲ» ብሎ መራመድ።

በአንጻሩ ሱቅ፣ ዳቦ ቤትና ቢሮ ስትገቡ ሰላምታ ሳትሰጡ ጥያቄ አትጀምሩ። «ቦንዡር» ሳይባል የተጠየቀ ፈረንሳዊ ፊቱን ያጠቁራል፤ በቦንዡር የተጀመረ ንግግር ግን ፈረንሳይኛችሁ ቢሰባበርም ይቀናል።

ሜትሮ ቅዳሜ ማታ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ይሠራል። እናንተ ግን ከዚያ ቀድማችሁ ግቡ፤ መንገዱን ገና አታውቁትም። የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 ነው፤ ከማንኛውም ስልክ ይሠራል።

ደረጃ 5፦ እሁድ፣ ሐዲዱና ጎንደር

እሁድን በባስቲል ጀምሩ። ከኦፔራው ሕንፃ ጀርባ ደረጃ አለ። ሽቅብ ስትወጡ ራሳችሁን ከመንገዱ በላይ፣ ዛፍና አበባ መሀል ታገኙታላችሁ። ኩሌ ቬርት ይባላል። ድሮ የባቡር መስመር ነበር። በ1859 ተከፍቶ በ1969 ተዘጋ። ሐዲዱን ነቅለው ድልድዩን ከማፍረስ ይልቅ የእግረኛ አትክልት ቦታ አደረጉት፤ ከሥሩ ያሉትን የጡብ ቅስቶች ደግሞ ለእንጨት ሠሪና ለዕደ ጥበብ ባለሙያ ሰጧቸው። ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል።

የድሬ ልጅ ሆኖ ይህን ሲያይ ልቡ የማይነካ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኛን የወለደን ባቡር ነው። በ1902 ሐዲዱ ባይደርስ ኖሮ ከዚራም ለገሀርም አይኖሩም ነበር። አሮጌው ጣቢያችን ፊቱ ላይ ዛሬም የፈረንሳይኛ ጽሑፍ አለበት። አዲሱ ባቡር ከከተማው ወጥቶ ሲያልፍ የድሮው መስመር ዝም አለ። የሥነ ሕንፃ፣ የከተማ ፕላን ወይም የታሪክ ተማሪ የሆናችሁ በተለይ እዚህ ቦታ ላይ ሰዓት አጥፉ። ፎቶ አንሱ፣ ቅስቶቹን ለኩ፣ እንዴት እንደሠሩት ጠይቁ። ድሬ የሚያስፈልጋት ሐሳብ እዚያ ላይ ቆሟል ብዬ በእውነት አምናለሁ።

በመሀል ወርዳችሁ በቅርቡ ያለውን የአሊግር ገበያ እዩ። ከሰኞ በቀር በየቀኑ ጠዋት ይቆማል። ቀፊራን ለለመደ ሰው ጩኸቱ ራሱ ይናፍቃል። ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ሊበትኑ ሲሉ አትክልትና ፍራፍሬውን በርካሽ ይለቁታል። የሳምንት ሙዝና ቲማቲም በጥቂት ዩሮ የሚገኘው በዚያ ሰዓት ነው። ገና በጠዋቱ አትግዙ፤ ተሸክማችሁ ልትዞሩ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ሂዱ። ያልደከመው በወንዙ ዳር፣ መኪና በተከለከለበት መንገድ፣ ወደ ምዕራብ ይራመድ፤ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ አልዋሻችሁም። የደከመው አንድ የሜትሮ ጉዞ ይጠቀም። ሙዚየሙ ከኤፍል ማማ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው፤ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ይሠራል። ከ26 ዓመት በታች በፓስፖርት፣ ሌላው በወሩ የመጀመሪያ እሁድ በነፃ ይገባል። ሁለቱም ያልሆነላችሁ የአትክልት ቦታውን ብቻ አይታችሁ ሙዚየሙን ለሚቀጥለው ወር አቆዩት።

እዚያ የምልካችሁ ለጎንደር ሥዕሎች ነው። ከዳካር ተነስቶ ጅቡቲ ድረስ አፍሪካን ያቋረጠ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን በ1932 ጎንደር ገባ። ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጥንታዊዎቹን ሥዕሎች አውርዶ ወሰደ፤ በቦታው ቅጂ ለጠፈ። ሥዕሎቹ ዛሬ የዚህ ሙዚየም ንብረት ናቸው። የቅዱሳኑን ትልልቅ ዓይኖች ፓሪስ ላይ ስታዩ ደስታም ቁጭትም አብረው ይመጣሉ። ሁለቱንም ይዛችሁ ቁሙ። አብሯችሁ ያለው የሌላ አገር ልጅ ስለ ሥዕሎቹ ቢጠይቅ መልሱ እናንተ ጋ አለ፤ አንብባችሁ ሂዱ።

ስትወጡ በሻን ደ ማርስ ሣር በኩል ዙሩ። ኤምባሲያችን በዚያው አጠገብ ነው። እሁድ ዝግ ነው፤ ግን ፓስፖርት ሲጠፋ የት እንደምትሮጡ ማወቅ ጥሩ ነው።

ማታውን በኤፍል ማማ ጨርሱ። ወደ ላይ መውጣት ይከፈልበታል፤ አያስፈልጋችሁም። ወንዙን ተሻግራችሁ ትሮካዴሮ ላይ ቁሙ። 330 ሜትሩን ሙሉ የምታዩት ከዚያ ነው። ከጨለመ በኋላ ሰዓት በሞላ ቁጥር ለ5 ደቂቃ ብልጭ ድርግም ይላል። መስከረም ላይ የሚጨልመው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ስለሆነ የ3 ሰዓቱን ጠብቁ። ያን ጊዜ ለእናት ደውላችሁ በቪዲዮ አሳዩዋት፤ ድሬ ላይ ከ4 ሰዓት አይበልጥም፣ አልተኛችም። በክረምት የሰዓት ለውጥ ካደረጉ በኋላ ግን ልዩነቱ ሁለት ሰዓት ይሆናል።

ደረጃ 6፦ ሰኞን ማዘጋጀት

ክፍላችሁ ስትገቡ ሁለት ነገር ብቻ አድርጉና ተኙ። ቪዛችሁን በ3 ወር ውስጥ በኢንተርኔት ማስመዝገብ ግዴታ ስለሆነ ቀኑን ስልካችሁ ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ የትራንስፖርቱን ጉዳይ ጨርሱ። ከ26 ዓመት በታች የሆነ ተማሪ ኢማዥን አር የሚባለውን የዓመት ካርድ ያመልክት፤ ከሁሉም የሚረክሰው እሱ ነው። 26 የሞላው የወር ናቪጎ ይያዝ። የወሩ ካርድ የሚሠራው ከወሩ 1ኛ ቀን እስከ መጨረሻው ቀን ስለሆነ በ20ኛው ወይም በ25ኛው ቀን የምትገቡ እስከዚያ ድረስ በሳምንቱ ካርድ ተንቀሳቀሱ።